የኮኩ ዛፍ ይግባኝ

እማዬ ስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምሳ በልቼ እንደሆነ ነው። በግንቦት መጨረሻ የደወለች ቀን ግን አልጠየቀችኝም። «ቤቲ፣ ተቀምጠሻል?» አለች። ሐዋሳ፣ ዶርም ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። «እትዬ ዘነበች አረፉ» አለችኝ። «ማታ ራታቸውን በልተው፣ ሬዲዮናቸውን ዘግተው ተኙ። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ አልከፈቱም። ሳይሰቃዩ ነው የሄዱት፣ አይዞሽ።»

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ፈተና ነበረብኝ። መምህሬ ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ስጠይቅ፣ «ዘመድሽ ናቸው?» አሉኝ። ጎረቤቴ ናቸው ብል እንዳይከለክሉኝ ፈራሁ። ዘመዴ ናቸው ብል መዋሸት ሆነብኝ። በመጨረሻ፣ «ያደግኩት እሳቸው ያሉበት ግቢ ነው» አልኳቸው። መምህሬ ፈቀዱልኝ።

ልደታ ስደርስ የእድሩ ልጆች ግቢያችን ውስጥ ድንኳን እየተከሉ ነበር። ከልጆቹ አንዱ የድንኳኑን ገመድ ከቧንቧው አጠገብ ካለው የኮክ ዛፍ ጋር ሊያስር ሲጎነበስ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ፈቃዱ ከበረንዳቸው ተነሥተው በከዘራቸው ገመዱን ያዙ።

«እዚህ አታስርም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሌላ ምሰሶ የለም እኮ።»

«ቅርፊቱን ይልጠዋል። እኔ በር ላይ እሰር።»

ልጁ ግራ ገብቶት ገመዱን ወስዶ የራሳቸው የበር ምሰሶ ላይ አሰረው። ግቢያችንን የምናውቅ ሁሉ እያለቀስን ሳቅን። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ መለየት አልቻልኩም። ከሆለታ የመጡ አንድ የእትዬ ዘነበች ዘመድ በለቅሶ ቤት ምን ያስቃል በሚል ዓይን ገላመጡን። ሰውየው ያልገባቸው፣ ያንን ዛፍ ለማስቆረጥ መጋዝ ያለው ሰው ጠርተው የነበሩት ጋሼ ፈቃዱ ራሳቸው መሆናቸውን ስለማያውቁ ነው።

እትዬ ዘነበች አጭር፣ ቀጭንና ፈጣን ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን የሚያስሩት ወገባቸው ላይ ነው። ልደታ ማርያም ሊሳለሙ ሲሄዱ ወደ ትከሻቸው ያወጡታል፤ ተመልሰው የግቢውን በር ሲያልፉ መልሰው ወገባቸው ላይ ያስሩታል። «ትከሻ ላይ ለማርያም፣ ወገብ ላይ ለሥራ» ይላሉ። ሰው ሲናገር የማይስማሙበት ነገር ከሰሙ አይቆጡም፤ የአፍንጫቸውን ጫፍ በጠቋሚ ጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ተናጋሪው ነገሩን ቢያሳጥር ይሻለዋል።

ግቢያችን ከትልልቅ ሕንፃዎች ጀርባ የቀረ የቀበሌ ቤት ነው። አራት ቤተሰብ እንኖርበታለን። አንደኛው እኔና እማዬ ነን። ጋሼ ፈቃዱ ከባለቤታቸው ጋር በረንዳ ያለው ቤት ይኖራሉ። ከወሎ የመጡት ጋሼ ሰዒድና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ በሩ አጠገብ ናቸው፤ ጋሼ ሰዒድ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ይነግዳሉ። እትዬ ዘነበች ደግሞ ከቧንቧው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። ልጅ የላቸውም።

የኮኩ ዛፍ የእሳቸው ነው። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፤ ሁልጊዜም የሚጀምሩት በመቀነታቸው ነው። «ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እናቴ መንገድ ላይ ብዪው ብላ ኮክ በመቀነቴ ቋጠረችልኝ። በላሁት። ዘሩን መጣል ግን አላስቻለኝም። እዚህ ስደርስ ከቧንቧው አጠገብ ቀበርኩት።» ያ ዛፍ አርጅቶ ሲደርቅ ከእሱ ዘር ሌላ ተከሉ፤ አሁን ያለው ልጁ ነው። ሆለታ የነበረው የእናታቸው ጓሮ መጋዘን ተሠርቶበታል። «እዚያ አንድም ኮክ አልቀረም» ይሉ ነበር። «እኔን እግዜር ልጅ አልሰጠኝም። ይሄ ግን በየክረምቱ ይወልድልኛል።»

መውለዱስ እውነት ነው። ችግሩ የሚወልደው ቆርቆሮ ላይ መሆኑ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ፍሬው እየረገፈ የጋሼ ፈቃዱን ጣራ ቷ፣ ቷ ያደርገዋል። የወደቀው ይበሰብስና ዝንብ ይሰበስባል። ሥሩ የቧንቧውን ሲሚንቶ ወደ ላይ ገፍቶት ባልዲ ቀጥ ብሎ አይቆምም። እማዬ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ላይ ሦስት ጊዜ ወድቆ ቡናማ ምልክት ትቷል። ፍሬው ደግሞ ትንሽ፣ ጸጉራምና ጎምዛዛ ነው፤ ልጆች አንዴ ነክሰው ይወረውሩታል። ከእትዬ ዘነበች በስተቀር ማንም ደስ ብሎት ሲበላው አላየሁም።

እሳቸው ግን ዶሮ ይሠሩበት ነበር።

ይህንን ስነግራቸው የዶርም ጓደኞቼ እንኳ ፊታቸውን አጨማድደዋል። ዶሮና ፍራፍሬ? የተገኘው በስህተት ነው። አንድ ክረምት እትዬ ዘነበች ዶሮ ገዝተው ካረዱ በኋላ ቤት ውስጥ ሎሚ እንደሌለ አስታወሱ። ዶሮ ደግሞ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ሳይታሽ ድስት አይገባም። ዝናቡ ከበር አያስወጣም። ስለዚህ ከዛፉ ጥሬ ኮክ አወረዱ፤ ጎምዛዛ ነውና ሎሚን ይተካል ብለው፣ ቆራርጠው ሥጋውን በኮክና በጨው አሹት። ሽታው ጠፋ። ሲያለቀልቁ ያላዩት ጥቂት ቁራጭ ኮክ ግን ከሥጋው መሐል ተደብቆ ወጡ ውስጥ ገባ።

«ልጥለው ነበር» ይሉ ነበር። «ከዚያ ቀመስኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንጀራ ልጨምር ተነሣሁ።»

ስሙን የክረምት ዶሮ አሉት። ግቢው ግን «የዘነበች ጁስ» ነው የሚለው። ማንም አይቀምሰውም ነበር። እማዬ፣ «ፍራፍሬ ሥጋ ከተበላ በኋላ ነው» ትል ነበር። ጋሼ ፈቃዱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬም የሚናገሩት እንደ ችሎት ነው። እሳቸው ደግሞ፣ «ድርጊቱ በሕግ ባይከለከልም በኅሊና የተከለከለ ነው» ብለው ደመደሙ።

ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት፣ በሐምሌ፣ ከባድ ነፋስ መጣና አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ የጋሼ ፈቃዱን አዲስ አሸንዳ አጎበጠው። በማግስቱ አራቱን ቤት በረንዳቸው ላይ ሰበሰቡን። ስለ ጣራው፣ ስለ ዝንቡ፣ ስለ ቧንቧው ሲሚንቶ ተናገሩ። ጋሼ ሰዒድ ሌሊት ፍሬው ሲወድቅ ሌባ መጣ እያሉ ሁለት ጊዜ በዱላ መውጣታቸውን ጨመሩ። ከዚያ ጋሼ ፈቃዱ ዛፉ ይቆረጥ የሚል እጅ ያውጣ አሉ። ሦስት ቤት እጅ አወጣ። እማዬ እጇን ስታወጣ የምታየው መሬት መሬቱን ነበር።

እትዬ ዘነበች አፍንጫቸውን ነካ አደረጉ።

«ይግባኝ አለኝ» አሉ።

«ይግባኝ ለማን?» አሉ ጋሼ ፈቃዱ።

«ለሆዳችሁ። ዶሮዬን ሠርቼ አበላችኋለሁ። በልታችሁ ዛፉ ይቆረጥ የሚል እጅ ከወጣ፣ መጋዙን እኔው አቀብላለሁ።»

እነዚህ ሁለት ሰዎች ከእኔ ዕድሜ በላይ አብረው ኖረዋል፤ ሲጠራሩ አንተና አንቺ ነው። ያን ቀን ግን ሁለቱም አንቱ ተባባሉ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ፍሬው መቼ ነው የሚበስለው?»

«ነሐሴን ይፈልጋል።»

«ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል። በጾም ማን ዶሮ ይበላልዎታል? ጾሙ እስኪፈታ ደግሞ ዛፉ ፍሬውን ጨርሶ ጣራዬ ላይ ያራግፋል። ቀጠሮው አይቻልም።» መለስ አሉና የወንበራቸውን መደገፊያ ተደገፉ። እውነትም መውጫ የሌለው ይመስል ነበር። በክረምት ጾሙና ኮኩ ሁልጊዜ ይጋጫሉ፤ ፍሬው የሚበስለው እናቶች ድስቱን ከቅቤ አጥበው በሚያስቀምጡበት ጊዜ ነው።

«የቅበላው ቀን ቅዳሜ ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። «በቅበላው እሠራለሁ።»

«ያን ጊዜ ፍሬው ጥሬ ነው እኮ።»

«እርስዎ ጥሬ ስለሆነው አይጨነቁ፣ አቶ ፈቃዱ። ጥሬም ሥራ አለው።»

ጋሼ ፈቃዱ ለቅዳሜ ተስማሙ። ቆራጩም የሚመጣው በዚያው ቀን እንዲሆን አዘዙ።

ዓርብ ወደ ማታ ውኃ ልቀዳ ስወጣ እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ኮክ እየላጡ አገኘኋቸው። እንደ ድንጋይ የጠጠረ አረንጓዴ ኮክ ነው። ባልዲዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ደስ ላሰኛቸው ብዬ፣ «እርግጠኛ ነኝ ይወዱታል» አልኳቸው።

«አንቺ በልተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ ታዲያ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቢላዋውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዛፉን ቀና ብለው አዩት። «እኔ የምፈራው አይወዱትም ብዬ አይደለም፣ የኔ ልጅ። አፋቸው ወዶት እጃቸው እንዳያፍር ነው። ሰው አንዴ ያወጣውን እጅ ማውረድ ይከብደዋል።» ቢላዋውን መልሰው አነሡና፣ «እሱ ከተቆረጠ፣ ከየት መጣሽ ሲሉኝ ምን አሳያለሁ?» አሉ። አንድ ኮክ አንሥቼ መላጥ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ችግር መጣ። በግቢያችን ሁሉም ነገር የጋራ ነው፤ ቧንቧው፣ የልብስ ገመዱ፣ ሐሜቱም። ሥጋ ግን የጋራ አይደለም። ክርስቲያን ያረደውን እነ ጋሼ ሰዒድ አይበሉም፤ ጋሼ ሰዒድ ያረዱትን እኛ አንበላም። እትዬ ዘነበች ደግሞ የአራቱም ቤት ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሁለት ዶሮ ገዙ። አንደኛውን ጋሼ ሰዒድ ወሰዱት። ሁለተኛውን የሚያርድ ወንድ ግን እሳቸው ቤት የለም፤ በግቢው ያለው ክርስቲያን ወንድ ጋሼ ፈቃዱ ብቻ ናቸው። በየበዓሉ የእትዬ ዘነበችንም የእኛንም ዶሮ የሚያርዱት እሳቸው ነበሩ።

እትዬ ዘነበች ዶሮውን አንጠልጥለው በረንዳው ፊት ቆሙ።

«ይረዱልኝ» አሉ።

ጋሼ ፈቃዱ ቢላዋውን አዩ፣ ዶሮውን አዩ። «ፈራጅ ለባለጉዳይ አያርድም» አሉ።

«እንግዲያው ከነሕይወቱ አቀርብልዎታለሁ።»

ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ከውስጥ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እረድላት። ነገ ለፋሲካ ማንን ልትለምን ነው?» ብለው ጮኹ። በየፋሲካው የእትዬ ጽጌን ዶሮ የሚበልቱላቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ጋሼ ፈቃዱ ተነሡ። ወደ ምሥራቅ አዞሩት፣ በስመ አብ ብለው አረዱት። ቢላዋውን ሲመልሱ፣ «ይህ በውሳኔው ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። ሁለቱን ዶሮ ለየብቻ አልሠሩም። «ሥጋው ቢለያይ ኮኩ አንድ ነው» አሉ። የእትዬ ዘይነባን ትልቁን ድስት ተዋሱ፤ የእኛ ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ ድስት ነው። በእሱ ላይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ቀስ እያሉ አበሰሉ። ንጥር ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ለመልክ ያህል እርድ ጨመሩ። በርበሬ የለም። ከላጥነው ኮክ ግማሹን ከተቱና እስኪፈርስ አማሰሉት። ግቢው ውስጥ አይቼው የማላውቀው ሽታ ወጣ፤ የወጥም የፍራፍሬም ያልሆነ፣ ዝናብ የነካው ቅጠል ዓይነት። ከዚያ ሥጋ ሳይገባበት ቁሌቱን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹ በእትዬ ዘይነባ ድስት ቀረ፤ ግማሹን ወደ ራሳቸው ገለበጡ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ድስቶች አይገናኙም። እትዬ ዘይነባ በራቸው ላይ፣ እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ፣ መሐላቸው ዝናብ።

አንዳቸው የሌላኛቸውን ድስት መቅመስ አይችሉም። ስለዚህ በጩኸት ሆነ።

«ዘይነባ፣ ምን ይላል?»

«እየተንተከተከ ነው፣ እትዬ።»

«ቶሎ ቶሎ ነው ወይስ ቀስ እያለ?»

«ቶሎ ቶሎ።»

«ከሰሉን ቀንሺ። አጥንቱ ለቀቀ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው የቀረውን ኮክ እንዳትጨምሪ። ሲለቅ ነው። ኮኩ ጥርስ ላይ መቆም አለበት።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «አሁን ቅመሺልኝ» አሉ። ከወዲያ በር ድምፅ ጠፋ። «ዘይነባ?» አሁንም ድምፅ የለም። እትዬ ዘነበች ማማሰያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። በመጨረሻ የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ። «እትዬ፣ ሰዒድን ከዚህ አንሱልኝ፤ ድስቱ ውስጥ ሊገባ ነው።»

ቆራጩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ዝናቡ አበስብሶታል። መጋዙን የኮኩ ግንድ ላይ አስደግፎ ወደ ቅርንጫፎቹ ቀና ብሎ አየ። ጋሼ ፈቃዱ ከበረንዳቸው፣ «ትንሽ ትጠብቃለህ። ይግባኝ ተብሏል» አሉት።

ሰውየው ዛፉን አየው። «እሱ ነው ያለው?»

«ባለቤቱ ናት።»

እትዬ ዘነበች ማማሰያውን ለእማዬ ሰጥተው መጡ። መጋዙን ከግንዱ አንሥተው ግድግዳ ላይ አስደገፉት፤ ለሰውየው ዱካ አመጡለት። «ና ተጠለል፤ አንተ ምን አደረግህ» አሉት። ሰውየው ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ወደ ድስቱ አዞረ፣ እንደገናም አዞረ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ቁርጥራጭ ኮክ፣ ቃሪያና ኮረሪማ ገባ። ዝናቡ ሲያባራ ጋሼ ፈቃዱ በረንዳ ላይ ሁለት ትሪ ቀረበ፤ አንዱ ለእነ ጋሼ ሰዒድ፣ አንዱ ለእኛ፣ በመሐላቸው የእግር መንገድ ያህል። ወጡ ቢጫ ነው፤ አረንጓዴ የኮክ ቁርጥራጭ በቅቤው ውስጥ ያበራል።

ጋሼ ፈቃዱ እጃቸውን አልታጠቡም። «ከባለጉዳይ አልበላም» አሉ። «ጉቦ ነው።»

ሁላችንም እጃችን ትሪው ላይ እንዳለ ቆመ። እትዬ ዘነበች አፍንጫቸውን ነኩ።

«አቶ ፈቃዱ፣ እርስዎ ስንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠሩ?»

«ዕድሜዬን በሙሉ።»

«ማስረጃ ሳያይ የፈረደ ዳኛ ምን ይባላል?»

ጋሼ ፈቃዱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ እትዬ ጽጌ ዞረው፣ «ውኃ አምጪ» አሉ። ታጠቡ። አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ ትንሽ፣ ለመድኃኒት የሚሆን ዓይነት። አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

እኔ እየበላሁ ነበር፤ እማኝ ነኝ። መጀመሪያ የሚመጣው ቅቤውና ዝንጅብሉ ነው፣ የሚታወቀው ጣዕም። ከዚያ ኮኩ ሲነከስ ጎምዛዛነቱ ምላስን ያነቃዋል። ከዚያ በኋላ የሥጋው ጣዕም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ያን ቀን ግን ማንም ይህንን አልተናገረም። ሁሉም የጋሼ ፈቃዱን መንጋጭላ ነበር የሚያየው። ቀስ ብለው አኘኩ፣ ዋጡ። ጣራቸውን ቀና ብለው አዩ፣ የጎበጠውን አሸንዳ አዩ። እትዬ ዘነበች ትሪው ጫፍ ላይ ቆመው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ያን ያህል ጨብጠው ሲቆሙ አይቻቸው አላውቅም።

ጋሼ ፈቃዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ችሎቱ» አሉ፣ «ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልገዋል።» እንጀራቸውን ዘረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ዘነበች፣ ከኮኩ ጨመር አድርጊበት» አሉ።

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ሰዒድ ከወዲያኛው ትሪ ሆነው ወጥ የነካ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «እኔ የይቆረጥ ድምፄን አንሥቻለሁ፣ ሌባውም ይምጣ» አሉ። እማዬ እጇን አወጣች። ማንም ድምፅ ስጡ አላለም ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን እትዬ ዘነበችን ቀጥ ብላ እያየቻቸው ነው። «አይቆረጥ» አለች።

ትሪው ባዶ ሲሆን ጋሼ ፈቃዱ ተነሥተው በቁም ወሰኑ። ዛፉ ይኖራል። ጣራው ላይ ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጣል። የቧንቧው ሲሚንቶ በጋራ ይስተካከላል። ባለ ዛፏም በየዓመቱ በፍልሰታ ቅበላ ይህንኑ ወጥ ለግቢው ያቀርባሉ፤ በሁለት ድስት። «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» አሉ። «ይግባኝ የለውም።»

ቆራጩ ያን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቆረጠ። ጠግቦ ስለነበር መሰላሉ ላይ ሲወጣ ያቃስት ነበር። ሲሄድ ኪሱ ኮክ ተሞልቶ ተወጥሯል። እትዬ ዘነበች እስከ በሩ ሸኙት። «ዘሩን እንዳትጥል» ሲሉት ሰማሁ። «ከውኃ አጠገብ ቅበረው።» ተመልሰው ሲመጡ ማንም አላየኝም ብለው ይመስለኛል፣ ግንዱን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፤ የልጅ ጀርባ እንደሚመታ።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ በላን። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬን ሳስር፣ ፈርቼ፣ እትዬ ዘነበችን «ለዚህ ገና አልበሰልኩም መሰለኝ» አልኳቸው። ወደ ዛፉ ጠቆሙኝ። «ኮኩስ በይግባኙ ቀን በስሎ ነበር?» አሉኝ። ሌላ ምክር አልጨመሩም። እኔም ሌላ አልፈለግኩም።

ዘንድሮ ክረምት ዕረፍት ስመጣ የእትዬ ዘነበች ክፍል አዲስ ተከራይ ገብቶበታል። ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ የሚሠራ፣ ኤርሚያስ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ለሁሉም ሰላምታ ይሰጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ጋሼ ፈቃዱ በረንዳ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ዛፍ ሌሊቱን ሙሉ ጣራዬን ሲደበድብ አደረ። ፍሬውም የሚበላ አይደለም። ሁላችሁም ከተስማማችሁ፣ የሚቆርጥ ሰው እኔ አመጣለሁ።»

እኔ ቧንቧው ላይ ልብስ እያለቀለቅኩ ነበር። እትዬ ዘይነባ ደፉ ላይ ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ሁለታችንም እጃችን ቆመ። ጋሼ ፈቃዱ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ራሳቸውም ሳያውቁት ይመስለኛል፣ የአፍንጫቸውን ጫፍ በጠቋሚ ጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ልጄ» አሉት፣ «ይህ ጉዳይ ተከራክረንበት የተዘጋ ነው። የመጨረሻ ውሳኔ አለው።»

«ማን ነው የወሰነው?»

«እኔ ነኝ። በእሷ ላይ ጀምሬ በራሴ ላይ ወሰንኩ።» ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሩ። «ዘይነባ፣ ትልቁ ድስት አለ?»

«ታጥቦ ተቀምጧል» አሉ እትዬ ዘይነባ።

በቅበላው ቀን ጋሼ ፈቃዱ ማንም ሳይለምናቸው ዶሮውን አረዱ። ቁሌቱን እትዬ ዘይነባ ሠሩት፤ ለሁለት ሲከፈል የእኛን ድርሻ እማዬ ወሰደች። ጥሬውን ኮክ የላጥኩት እኔ ነኝ። በሁለቱ በሮች መሐል ዝናብ እየዘነበ፣ ዘንድሮም በጩኸት ነበር፤ «ቶሎ ቶሎ ነው ወይስ ቀስ እያለ?» የምትለው ግን በዚህ ጊዜ እማዬ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች።

ኤርሚያስ በጥርጣሬ አንድ ትንሽ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ለመድኃኒት የሚሆን ዓይነት። አኘከ። ቆመ። ትሪውን አየ፣ ከዚያ ዛፉን አየ። በመጨረሻ አፍሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ፣ ከኮኩ ትንሽ ይጨመርልኝ?» አለ።

ጋሼ ፈቃዱ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ሰማሽ፣ ዘነበች?» አሉ። «ተጨማሪ ማስረጃ ጠየቀ።»

ልክ ያን ጊዜ ከዛፉ አንድ ፍሬ ረግፎ ቆርቆሮውን ቷ አደረገው። ሁላችንም ሳቅን፤ ወደ ላይ ቀና ያለ ግን አልነበረም። እጃችን ትሪው ላይ ነበር።